እማዬ በስልክ ልታዋልደኝ ነበር

የእርግዝናዬን ሰባተኛ ወር እንደያዝኩ እማዬ ለሁለተኛ ጊዜ የአሜሪካ ቪዛ ተከለከለች። ከደሴ አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ፣ ሦስት ቀን ዘመድ ቤት አድራ፣ ኤምባሲ ገብታ አንዲት ወረቀት ይዛ ወጣች። ማታ ደውላ «አይዞሽ፣ በስልክም ቢሆን አዋልድሻለሁ» አለችኝ። ተሳሳቅን። ግን ሁለታችንም የምራችንን ነበር።

ዕቅዳችን እንዲህ ነው። ምጡ ሲፋፋም ባለቤቴ በቪዲዮ ይደውልላታል። እሷ ደሴ ሆና ታየኛለች፣ «በርቺ» ትለኛለች፣ ልጁ ዱብ ሲል እልል ትላለች። የስልክ ማቆሚያ ገዛን። ረጅም የቻርጀር ገመድ ገዛን። ሁሉን አሰናድተን ለካ ሆስፒታሉን መጠየቅ ረስተናል።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ አሜሪካ ሆነው፣ ሐሳባቸው ግን አገር ቤት ካለች እናት ወይም እህት ጋ ሆኖ ለሚወልዱ ሴቶች ነው። ለባሎችም ነው፤ ስልኩን የሚይዙት እነሱ ናቸውና። የወለድኩት ሜሪላንድ ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠቅስም። ደንቡ ከሆስፒታል ሆስፒታል ስለሚለያይ የኔን ማወቁ ለእናንተ ብዙም አይጠቅምም።

መጀመሪያ ግን ትንሽ ወደ አዲስ አበባ ልመለስ። ትልቋን ልጄን የወለድኩት በ2009 ዓ.ም. እዚያ፣ በመንግሥት ሆስፒታል ነው። ደንቡ አጭር ነበር፤ ስልክ የለም። ቦርሳዬን ከነስልኬ ለእህቴ ሰጥቼ ገባሁ። ባለቤቴ በር ላይ ቀረ። ክፍሉ ውስጥ አራት ሴቶች ነበርን። በመካከላችን ያለው መጋረጃ ግማሹን ይሸፍናል፣ ግማሹን አይሸፍንም። አንዷ ልጅ ስልኳን ደብቃ አስገብታ ኖሮ፣ ምጧ ጋብ ሲልላት ከእናቷ ጋር ስታወራ አዋላጇ ደረሰችባት። «እህቴ፣ ይሄ ካፌ መሰለሽ?» አለቻት። ያን ዕለት የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

በጊዜው ጭካኔ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ካሜራ ቢያነሳ ኖሮ እኔም በዚያ ሁኔታዬ ፎቶው ውስጥ እገባ ነበር። ስለዚህ ስልኩ መከልከሉን አልቃወምም። የምቃወመው ሰውም አብሮ መከልከሉን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ የምታምጥ ሴት የመረጠችው ሰው አጠገቧ እንዲሆን ይላል። እኔ አጠገቤ የነበረችው ስሟን እንኳ የማላውቃት የጎን አልጋዋ ሴት ናት። እጅ ለእጅ ተያይዘን ነው ያማጥነው።

እናም ትልቋ ልጄ የተወለደችበት ዕለት ፎቶ የላትም። የመጀመሪያዋ ፎቶ በማግሥቱ፣ እቤት፣ ገንፎው ሲገነፋ የተነሳችው ነው። ይሄ ቆጭቶኝ ስለነበር ነው ለሁለተኛው ያን ሁሉ ዕቅድ ያወጣሁት።

ወደ ሜሪላንድ። የአሜሪካ በጋ ነው፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት። ደሴ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል፤ በበጋ የሰዓት ልዩነታችን ሰባት ሰዓት ነው፣ በክረምቱ ስምንት ይሆናል። የማሕፀንሽ በር አራት ሴንቲ ሜትር ተከፍቷል ተብዬ ክፍል ተሰጥቶኛል። ባለቤቴ ስልኩን ማቆሚያው ላይ አድርጎ ደወለ። እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ፣ መብራቱን አብርታ፣ ስክሪኑን ሞልታ ብቅ አለች። እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ አልዞረም።

ነርሷ ገባች። ደግ ሴት ናት። ለእማዬ እጇን አውለበለበችላት። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞር ብላ «እየቀዳህ ነው?» አለችው። አይደለም አላት። «ይቅርታ፣ እዚህ ቪዲዮ አይቻልም። የቪዲዮ ጥሪም ያው ነው። አጥፋው» አለችው።

የባለቤቴ ግንባር ተቋጠረ። የሚወለደው የኔ ልጅ፣ የምትወልደው የኔ ሚስት፣ ስልኩ የኔ፣ ምን አገባችሁ? ዓይነት ነገር በእንግሊዝኛ ጀመረ። እማዬ ከስልኩ ውስጥ «ምን አለች? ምን አለችው? ልጄን ምን ሆነች?» ትላለች። እኔ ምጡ መጣብኝ። ሦስቱም በየቋንቋቸው እየጮኹ ነው።

የገረመኝ ነገር አለ። ከአንድ ሰዓት በፊት ኤፒዱራል የሚሉት የጀርባ ማደንዘዣ ሊሰጡኝ ፈቃድ ሲጠይቁኝ፣ በጎማ የሚሄድ ታብሌት እየገፉ አምጥተው አንዲት አማርኛ አስተርጓሚ በቪዲዮ አቅርበውልኝ ነበር። የማላውቃት ሴት በስክሪን ትግባ፣ እናቴ አትግባ! ይሄንን ለነርሷ ነገርኳት። ሳቀች። «ልክ ነሽ። ግን እሷ ሥራዋ ነው፣ ምስጢር መጠበቅ ግዴታዋ ነው። ደግሞ ስንመረምርሽ ታብሌቱን ወደ ግድግዳ ያዞርኩት ለዚያ ነው» አለችኝ። አዎ፣ አዙራው ነበር። አላስተዋልኩም እንጂ።

ነርሷ «እኔ መፍቀድ አልችልም፤ የተረኞቹን ኃላፊ ልጥራልሽ» አለች። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ። በየተረኛው አንድ የነርሶች ኃላፊ አለ፣ ወይም አለች። ከአልጋሽ አጠገብ ካለችው ነርስ ጋር መጨቃጨቅ ትርፉ ድካም ነው። ደንቡን ማላላት የሚችለው ኃላፊው ነው፤ እሱም የሚያዋልድሽ ሐኪም ከተስማማ ነው።

ኃላፊዋ መጣች። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ይሄ ብቻውን ባለቤቴን አበረደው። ደንቡን አስረዳችን። ምጥ ላይ እያለሁ ካሜራው ፊቴን ብቻ እያሳየ፣ ምንም ሳይቀዳ፣ የሚገባው ሠራተኛ ሁሉ እየተነገረው ከእናቴ ጋር ማውራት እችላለሁ። ምርመራ ሲሆን ይጠፋል። መግፋት ስጀምር ቪዲዮ የሚባል ነገር የለም፤ ልጁ ወጥቶ እስኪታይ ድረስ። ፎቶ ግን ባለቤቴ ከራስጌዬ ቆሞ ማንሳት ይችላል። የሠራተኞቹ ፊት የሚነሳው እነሱ ከፈቀዱ ነው። ማንም ሠራተኛ «አጥፋ» ካለ፣ ለምን ሳይባል ይጠፋል።

«ድምፁስ?» አልኳት። «ምስሉ ይቅር። ድምፅዋ ብቻ ይኑር።»

አሰበች። ሐኪሟን ጠየቀቻት። ሐኪሟ «ካልተቀዳ እኔ ችግር የለብኝም» አለች።

ባለቤቴ ስልኩን ገልብጦ ትራሴ አጠገብ አስቀመጠው። እማዬ ከደሴ «ማርያም፣ ማርያም፣ ማርያም» ትላለች። ሳታቋርጥ፣ ሳትደክም። ሐኪሟ ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ከዚያ በኋላ መግፊያው ሲደርስ ነርሷም አብራ «ማሪያም፣ ማሪያም» ማለት ጀመረች። በሕይወቴ ከሰማኋቸው ድምፆች ሁሉ ያ ይበልጥብኛል፤ የተቀዳ ነገር ግን የለም።

ታዲያ ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን ነው ዋናው ብዬ የምነግራችሁ። መግፋት ከጀመርኩ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ የልጁ የልብ ምት ወረደ። ማሽኑ ድምፁን ቀየረ። ነርሷ ወደ ጎን ገለበጠችኝ፣ አንድ ቁልፍ ተጫነች፣ በሩ ተከፈተ። ስድስት ይሁኑ ሰባት ሰዎች ገቡ። ባለቤቴን ወደ ግድግዳው ገፉት። አንዷ ስልኩን ከትራሴ አነሳችና ዘጋችው። ሐኪሟ ቫኪዩም፣ ልጁን ስቦ ማውጫውን መሣሪያ፣ አምጡ አለች። ይሄ ሁሉ የሆነው ከዳዊት አንድ መዝሙር ለመድገም በማይበቃ ጊዜ ነው።

ልጁ ወጣ። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ አለቀሰ። ተመስገን።

ደሴ ላይ ግን እማዬ የሰማችው ይሄንን ነው፤ የማሽን ጩኸት፣ የማታውቀው ቋንቋ ሩጫ፣ ከዚያ ጸጥታ። ስልኩ ተዘጋ። ሃያ አምስት ደቂቃ ማንም አልደወለላትም፤ እኛ በራሳችን ጉዳይ ነበርን። ያን ሃያ አምስት ደቂቃ እንዴት እንዳሳለፈችው አጎቴ በኋላ ነገረኝ። ጎረቤቱን ሁሉ ቀስቅሳለች። በጉልበቷ ተንበርክካ ነው ያገኟት። እሷ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልነገረችኝም።

ሆስፒታሎች ቪዲዮ የሚከለክሉበትን ምክንያት ብዙ ሰው ያውቃል። ነገር ቢበላሽ ቪዲዮው ፍርድ ቤት ይቀርባል ብለው ይፈራሉ፤ እውነት ነው፣ ይፈራሉ። ካሜራ የያዘ ሰው መንገድ ይዘጋል። ሠራተኛውም የማያውቀው ሰው ስልክ ውስጥ መግባት አይፈልግም። በሌላኛው ጫፍ ስላለው ሰው ግን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ስለዚህ ከሩቅ ሰው ጋር በስልክ ለመሆን ፈቃድ ካገኛችሁ፣ ከሰውየው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። «ስልኩ በድንገት ሊቋረጥ ይችላል፤ ከተቋረጠ ክፉ ነገር ሆነ ማለት አይደለም» በሉት። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ የሌለ ሌላ ሰው መድቡ፤ እህት፣ ጓደኛ፣ ማንም። ባል አንድ ቃል ለዚያ ሰው ይልካል፣ ያ ሰው አገር ቤት ይደውላል። እኛ ይሄ ቢኖረን ኖሮ እማዬ ያን ያህል ባልተሰቃየች።

ወደ ደስታው ልመለስ። ልጁ ደረቴ ላይ ሆኖ፣ እትብቱ ተቆርጦ፣ ሁሉም ሲረጋጋ ያቺው መጀመሪያ «አጥፋው» ያለችው ነርስ ስልኩን ከባለቤቴ ተቀብላ «ሦስታችሁም ግቡ» ብላ አነሳችን። ካሉን ፎቶዎች ሁሉ ምርጡ እሱ ነው። ክፍያው ገና ያላለቀ ካሜራ ይዞ የመጣው ባለቤቴ ያነሳቸው አርባ ምናምን ፎቶዎች በአብዛኛው የጣሪያው መብራት ናቸው።

ከዚያ እማዬ ጋ ደወልን። በቪዲዮ፤ አሁን ተፈቅዷል። አየችው። አለቀሰች። እልል አለች። ደሴ ጎረቤቱ ተቀበላት። እልልታው እንደበረደ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ግን «ሸፍኚው!» ነው። «ዓይን አለ። አርባ ቀኑ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳይነሳ ፎቶውን ለማንም እንዳትልኪ።» ሌሊቱን ሙሉ ልየው ልየው ያለችው ሴትዮ!

ትእዛዟን አከበርኩ። ያላከበረው የአጎቴ ልጅ ነው። እማዬ አጠገብ ቆሞ ስክሪንሾት አንስቶ ኖሮ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ፎቶው ላይ የልጄ ቁርጭምጭሚት ይታያል፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የሆስፒታሉ አምባር አለ፤ አምባሩ ላይ ስም፣ የትውልድ ቀንና የሕክምና መዝገብ ቁጥር ተጽፏል። አጉልቶ ላየ ሰው ሁሉም ይነበባል። ደውዬ አስነሳሁት፤ እስከዚያ ግን ስንት ሰው እንዳየው እንጃ። የእናንተም ቤተሰብ ፎቶ ሳይለጥፍ እንደማያድር ካወቃችሁ፣ አምባሩን በብርድ ልብስ ሸፍናችሁ አንሱ። የበሩን ቁጥር፣ ነጭ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን የነርስና የሐኪም ስምም እንደዚሁ።

በነገራችን ላይ አምባሩ ላይ ልጁ የተመዘገበው በኔ መጠሪያ ነው፤ «ቤቢ ቦይ» ይልና የአባቴን ስም ያስከትላል። ስም እስኪወጣለት በእናት ነው የሚያዙት። ባለቤቴ ሁለት ቀን ሙሉ «ልጄን ለአማቴ ወለድኩለት» እያለ ሲያላግጥ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ሌላ እንግዳ መጣ። ትልቅ ካሜራ ያነገተች ልጅ አንኳኩታ «የሕፃኑን ፎቶ ላንሳ?» አለች። የሆስፒታሉ ሠራተኛ መስላኝ እሺ ልል ነበር። ከሆስፒታሉ ጋር ውል ያለው የፎቶ ድርጅት ሠራተኛ ናት፤ ፎቶውን በኋላ በገንዘብ ነው የሚሸጡላችሁ። አልፈልግም ማለት ይቻላል። ስገባ ከፈረምኳቸው ወረቀቶች መሃልም አንዱ ሆስፒታሉ ራሱ ፎቶዬን ለማስታወቂያ እንዲጠቀም የሚፈቅድ ሆኖ ተገኘ። ያም ግዴታ አይደለም። በምጥ መሃል አሥር ወረቀት ሲሰጧችሁ «ይሄኛው ስለ ምንድን ነው?» በሉ። አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በነፃ ነው፣ የማቅረቡም ግዴታ የነሱ ነው። አታፍሩ።

ሕግ ላይ ሰው ብዙ ይምታታበታል፤ እኔም ተምታቶብኝ ነበር። ነርሶች «ሂፓ ነው» ሲሉ ትሰማላችሁ። ሂፓ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ የታካሚን ምስጢር የሚጠብቅ የአሜሪካ ሕግ ነው፤ የሚያስረው ሆስፒታሉን፣ ሐኪሙንና ኢንሹራንሱን ነው እንጂ እናንተን አይደለም። የራሳችሁን ልጅ ፎቶ ብታነሱ ሂፓ አይነካችሁም። ግን ቤቱ የሆስፒታሉ ነው፤ ደንብ የማውጣት መብት አላቸው፤ የጎረቤት ወላድን ገመና የመጠበቅ ግዴታም አለባቸው። ኮሪደር ላይ የምትነሱት ፎቶ የማታውቋትን አራስ ይዞ ሊወጣ ይችላል።

ድምፅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የግል ንግግርን ለመቅዳት የተነጋጋሪዎቹ ሁሉ ፈቃድ ያስፈልጋል። እዚያው ጎረቤት ቨርጂኒያ ወይም ዲሲ ብትወልዱ ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ ይበቃል። ስለዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህታችሁና ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለችው እህታችሁ የሚነግሯችሁ ላይገጥም ይችላል፤ ሁለቱም ግን ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የሆስፒታሉ የራሱ ደንብ ደግሞ ከዚህ በላይ ሊጠብቅ ይችላል። ቪዲዮ ደግሞ ድምፅም እንዳለው አትርሱ። ተደብቆ መቅዳት የሚባለውን ነገር ተዉት።

አገር ቤት ለምትወልዱም አንድ ነገር ልበል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ ይከለክላል። የግል ሆስፒታል ባል እስከነ ስልኩ አስገብቷልና ያዋለደችሽን ሲስተር ሳትጠይቂ ቲክቶክ ላይ ማውጣት ይቻላል ማለት አይደለም። ጠይቂያት። ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል፤ ፀጉሬን ላስተካክል የሚሉም አሉ።

በኦፕራሲዮን የወለደች ጓደኛዬ የነገረችኝን ላክል። እዚያ ዋናው ሰው ራስጌ የሚቀመጠው የማደንዘዣ ሐኪም ነው። እሱ «አሁን ተነስተህ አንሳ» ሲል ነው ባሏ የተነሳው። ከመጋረጃው ወዲያ ያለውን ሰማያዊ ጨርቅ መንካትም ስልክ ማስጠጋትም ፈጽሞ አይቻልም። መንትዮቿ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ሲገቡም ፎቶ ተፈቅዶላት ነበር፤ ያለ ፍላሽ፣ የጎን ሕፃናት ሳይገቡ፣ ስልኩም ተጠርጎ።

መቼ ልጠይቅ ላላችሁኝ፣ ሆስፒታሉን ልትጎበኙ ስትሄዱ ጠይቁ። ካልሄዳችሁ ሰባተኛው ወር ላይ ማዋለጃ ክፍሉ ደውሉ። የክትትል ሐኪማችሁን ብቻ ጠይቃችሁ እንዳትዘናጉ፤ እሷ እሺ ልትል ትችላለች፣ ቤቱ ግን የሷ አይደለም። «ፎቶስ? ቪዲዮስ? የቪዲዮ ጥሪስ? ኦፕራሲዮን ቢሆንስ?» ብላችሁ ለያይታችሁ ጠይቁ። ከተቻለ በጽሑፍ ይስጧችሁ። እኔ እንዲህ ብጠይቅ ኖሮ ባለቤቴ ከነርስ ጋር ባልተፋጠጠ፣ እማዬም ምን እንደሚጠብቃት ባወቀች ነበር።

ባለፈው ሳምንት ትልቋ ልጄ የወንድሟን ፎቶ፣ ያቺ ነርስ ያነሳችውን፣ ግድግዳው ላይ አንጋጣ ስታይ ቆየችና «የኔስ?» አለችኝ። የማግሥቱን ፎቶ አወጣሁላት። አዲስ አበባ፣ እማዬ መደብ ላይ ተቀምጣ፣ ታቅፋት፣ ገንፎው ከፊቷ እየጨሰ። ልጄ ፎቶውን አገላብጣ አየችው።

«እኔ የታለሁ?»

ነጠላው ውስጥ እንዳለች አሳየኋት። እማዬ እስከ ራስ ፀጉሯ ሸፍናታለች።